በስልክ ነጥብ ስንወስድ፦ የቱን ቁጥር እንመን?

በስልክ ነጥብ መውሰድ (የአንድን ቦታ መገኛ በጂፒኤስ መመዝገብ) ለጀመራችሁ፣ እስካሁን ከቀሰምነው ሁሉ ቶሎ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ በአሥርዮሽ አሃዞች ብዛት አትታለሉ። በዲግሪ ሲጻፍ ስድስተኛው አሃዝ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስልክ ግን ገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ 5 ሜትር ገደማ ይስታል። መታየት ያለበት አብሮ የሚጻፈው የስህተት ግምት ነው። አንድሮይድ «6 ሜትር» ሲል፣ ትክክለኛው ቦታ ከነጥቡ ዙሪያ 6 ሜትር በሚደርስ ክብ ውስጥ የመሆን ዕድሉ 68 በመቶ ነው ማለቱ ነው። ከሦስት አንዱ ነጥብ ከክቡ ሊወጣ ይችላል።

ስልኩ ወደ ሳተላይት የሚልከው ነገር የለም፤ ይቀበላል ብቻ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆነው ሰዓታቸውንና ምህዋራቸውን ያሰራጫሉ፤ ሞገዱ የፈጀበት ጊዜ ወደ ርቀት ይቀየራል። የ1 ማይክሮ ሰከንድ ስህተት 300 ሜትር ያስስታል፤ የስልክ ሰዓት ደግሞ ለዚህ አይታመንም። ስለዚህ የሰዓቱ ስህተትም ከቦታው ጋር አብሮ ይሰላል፤ ቢያንስ 4 ሳተላይት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ዳታ ከሌለ ጂፒኤስ አይሠራም የሚባለው ልክ አይደለም፤ የሚዘገየው የመጀመሪያው ነጥብ ነው። ሳተላይቱ የሰዓቱንና የምህዋሩን መረጃ በሰከንድ 50 ቢት ብቻ ስለሚልክ አንዱ ዙር 30 ሰከንድ ይፈጃል፤ መሃል ላይ ዛፍ ከጋረደው የጎደለው እስኪደገም መጠበቅ ነው። ዳታ ካለ ይኸው መረጃ ባንዴ ይወርዳል። ገጠር የምትወጡ ከሆነ ኔትወርክ ካለበት ሳትርቁ ሎኬሽን ከፍታችሁ ቦታ አስይዙት፤ መረጃው ለጥቂት ሰዓታት ያገለግላል። ደርሳችሁ እምቢ ካለ መራመዱን ትታችሁ ገላጣ ቦታ ቁሙ።

ዋናው ፈተና ከተማ ነው። በረጃጅም ሕንፃዎች መሃል በሚያልፍ መንገድ ላይ ስልኩ የሚያገኘው ከፊትና ከኋላ ያሉትን ሳተላይቶች ነው፤ በግራና በቀኝ ያሉት ተጋርደዋል። በመንገዱ ርዝመት ያለው ልክ ደህና ሆኖ ስህተቱ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ሰማያዊዋ ነጥብ መንገድ ተሻግራ ማዶ የምትገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ከመስታወት ነጥሮ የሚመጣው ሞገድ ደግሞ ዞሮ ስለመጣ ሳተላይቱን ካለበት አርቆ ያሳያል። የስህተት ግምቱ ይህን ሁልጊዜ አይነግራችሁም፤ «4 ሜትር» እያለ 30 ሜትር ሊስት ይችላል። ኤል5 የሚባለውን ሞገድ (1176.45 ሜጋ ኸርዝ) የሚቀበል ስልክ የነጠረውን ከቀጥተኛው በተሻለ ይለያል። እንዲህ ያሉ ስልኮች ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ላይ አሉ፤ ለዚህ ሥራ የሚገዛ ሰው ከካሜራው በፊት ይህን ይጠይቅ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግን አትድከሙ፤ እዚያ የሚታየው ቦታ ባመዛኙ ከዋይፋይና ከኔትወርክ ማማ የተገመተ ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊት ጂፒኤስቴስት በሚባለው አፕ የእያንዳንዱን ሳተላይት የሞገድ ጥንካሬ (C/N0 የሚለውን ቁጥር) እዩ። ሜዳ ላይ ደህናዎቹ ከ35 እስከ 45 ይደርሳሉ፤ አብዛኞቹ ከ25 በታች ከሆኑ ነጥቡን ተዉት። አናት ላይ ከተሰበሰቡ 10 ሳተላይቶች ይልቅ በሰማዩ ዙሪያ የተበተኑ 7 ይሻላሉ። የስልኩን የላይኛውን ጫፍ በእጅ ሳትሸፍኑ ክቡ እስኪረጋ 1 ደቂቃ ያህል ቁሙ። ስህተቱ ቀስ እያለ ስለሚለዋወጥ የ2 ደቂቃ አማካይ ብዙ አይጨምርም፤ ሌላ ሰዓት ተመልሶ መውሰድ ግን ይጠቅማል፣ ሳተላይቶቹ ቦታ ቀይረዋልና።

የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት ገደማ አየኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል) ሞገዱን ያናውጠዋል። ነጥባችሁን በቀን ውሰዱ። የቆየውን ባለ 1:50,000 ካርታ የምትጠቀሙ ደግሞ ካርታው በአዲንዳን ዳተም (ዳተም ማለት መገኛ የሚለካበት መነሻ ሥርዓት ነው)፣ ስልኩ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ዳተም እንደሚሠሩ አትርሱ፤ ሳይቀየር ከተነበበ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ፈቀቅ ይላል። ነጥብ በምትመዘግቡበት አፕ ላይ ዳተሙን አስተካክሉ፤ ቦታችሁ ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ውስጥ ከሆነ የዩቲኤም (በሜትር የሚነበበው የካርታ መረብ) ዞኑን 37 አድርጉት።