ቆቃ፦ ጥቅሙ ወደ ታች፣ ሸክሙ ዳር ላይ

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው በድሮው መንገድ የተጓዘ ሰው የቆቃን ሐይቅ ሳያይ አያልፍም። ከመንገዱ በስተግራ የተዘረጋውን ውሃ ብዙው መንገደኛ እንደ ዝዋይና እንደ ላንጋኖ የተፈጥሮ ሐይቅ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲያው ይመስለኝ ነበር። ግድቡ ከዚያ መንገድ ላይ ስለማይታይ በማንም አይፈረድም። አዋሽን አግዶ ያቆመው ግንብ ያለው በሐይቁ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በወንጂና በአዳማ አቅጣጫ ነው።

ግድቡ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን፣ የተሠራውም ጣሊያን ለጦርነቱ በከፈለችው የካሳ ገንዘብ ነው። በጊዜው ገሊላ የሚል ስምም ተሰጥቶት ነበር፤ ሕዝቡ ግን ቆቃ እንዳለው ቀረ። ኃይል የማመንጨት አቅሙ 43.2 ሜጋ ዋት ነው። ከእሱ የወጣው ውሃ ቁልቁል ሲወርድ እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1971 የተጨመሩትን አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የተባሉ የኃይል ማመንጫዎች ያንቀሳቅሳል፤ እነዚህም እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። አንዱ ውሃ ሦስት ጊዜ ይሠራል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ እንኳ 1,870 ሜጋ ዋት ከሚያመነጨው ከግልገል ጊቤ ሦስት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ ስለዚህም ቆቃ ጊዜው ያለፈበት ግድብ ነው የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል።

በዚህ አልስማማም። የቆቃን ዋጋ በሜጋ ዋት የለካ ሰው የሐይቁን ዋና ሥራ ዘንግቷል። አዋሽ በክረምት ሞልቶ የሚያስፈራ፣ በበጋ ደግሞ የሚሳሳ ወንዝ ነው። የቆቃ ሐይቅ የሐምሌንና የነሐሴን ጎርፍ ተቀብሎ ያስቀምጥና ከጥቅምት እስከ ሰኔ በልክ እየመጠነ ይለቀዋል። የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራ አገዳ፣ ከዚያም ወዲያ በአፋር ቆላ ያሉት የመስኖ እርሻዎች በደረቁ ወራት ውሃ የሚያገኙት ክረምቱ ቆቃ ላይ ስለተጠራቀመላቸው ነው። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ በመሆኑም በመንገዱ ላይ ያለው ሁሉ የሚካፈለው ያንኑ አንድ ውሃ ነው።

ሐይቁ ዳር ያለው ሕይወት ግን ሌላ መልክ አለው። ውሃው በበጋ ሲሸሽ ኋላው ላይ ለም ደለል ትቶ ይሄዳል፤ ገበሬውም እግር በእግር እየተከተለ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተክልበታል። ጥቅምት ላይ የውሃ ሞተሩ ከማሳው ጥግ ይቀመጣል። ሐይቁ እየራቀ ሲሄድ ሞተሩም አብሮ ይወርዳል፣ ቱቦ በቱቦ ላይ ይቀጠላል፤ በቱቦዎቹ መገጣጠሚያ የላስቲክ ቁራጭ በገመድ ተጠፍሮ ውሃው ከዚያው ላይ ፊን ሲል ይታያል። ሚያዝያ ሲደርስ ቱቦው ረዝሞ ነዳጁ ከሽንኩርቱ ዋጋ ጋር ይፎካከራል። መሬቱ የሐይቁ እንጂ የማንም አይደለም፤ ከዓመታት በአንዱ ውሃው ከወትሮው ቀድሞ ከተመለሰ ያልደረሰው ሰብል እዚያው ይቀራል።

አሳውም አለ፤ ቆሮሶና አምባዛ በዛ ብሎ ይወጣል፣ የመንገድ ዳር ሻጮቹንም መንገደኛው ያውቃቸዋል። እግረ መንገዴን ልጥቀስና፣ ብዙ ሰው ከጣና ጋር ብቻ የሚያያይዘው እምቦጭ ቆቃን የወረረው ከጣና በብዙ አሥርት ዓመታት ቀድሞ ነው። ያን ጊዜ ጩኸቱን የሰማ አልነበረም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የመጠጥ ውሃ ነገር ነው። በስምጥ ሸለቆው በዚህ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ እዚያ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም የዚሁ ምልክት ነው። ስለዚህ ከጉድጓዱ የሸሸ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ሐይቁ ውስጥ ደግሞ የሞጆ ወንዝ ይገባል፤ ከሞጆ ወንዝ ጋር የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ የከተማ ቆሻሻና ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ አብሮ ይመጣል። ማዳበሪያው የውሃውን አልጌ ስለሚመግበው በአንዳንድ ወቅት ሐይቁ ቀለም የፈሰሰበት ያህል አረንጓዴ ይሆናል። ይህ አልጌ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ የሚችል ዓይነት ሲሆን፣ መርዙ ውሃው ስለፈላ አይጠፋም። አንዲት እናት ውሃውን አፍልታ ለልጆቿ ስታቀርብ የምትችለውን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጋለች፤ ጥንቃቄዋ ግን ለዚህኛው አይሠራም።

ወባም አለ። በቆቃ ዙሪያ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ከሐይቁ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የታየው የወባ መጠን ከ6 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩት ከእጥፍ በላይ ነበር። ምክንያቱ ትልቁ ውሃ ራሱ አይደለም። ትንኟ እንቁላሏን የምትጥለው ሐይቁ ቀስ ብሎ ሲሸሽ ዳር ዳሩን ትቷቸው በሚሄዳቸው ትንንሽ ኩሬዎችና በከብት ኮቴ ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ተመራማሪዎች ያቀረቡት ሐሳብም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ ውሃው ፈጠን ብሎ እንዲወርድ ከተደረገ ኩሬዎቹ የትንኟ ዕጭ ሳያድግ ይደርቃሉ። ኃይል የሚያመነጨው ወገን ውሃውን ቆጥቦ ማቆየት ስለሚፈልግ ግን ሐሳቡ ከወረቀት ማለፉ ቀላል አይደለም፤ የግድቡን በር የሚከፍተውና በወባ የሚታመመው አንድ ሰው አይደለምና።

ደለሉን ደግሞ ማንም አያመልጠውም። ከላይኛው አዋሽ የታረሱ ተዳፋቶች እየታጠበ የሚመጣው አፈር በ40 ዓመት ገደማ ውስጥ የሐይቁን የመያዝ አቅም ሩብ ያህል ወስዶበታል፤ ከዚያም ወዲህ መምጣቱን አላቆመም። ሐይቁ በጠበበ ቁጥር የክረምቱን ጎርፍ የሚያሳርፍበት ቦታ ያጣል፤ በሮቹ ሲከፈቱም ጎርፉ የሚያርፈው ከግድቡ በታች ባለው ሰው ላይ ነው። ዳር ላይ ለሚያርሰው ገበሬ ሲሳይ የሆነው ያ ለም ደለልና ሐይቁን እየሞላ ያለው ደለል አንድ ነው።

ሰኔ ሲጋመስ፣ ዝናቡ በከፍታዎቹ ላይ ሲጀምር፣ ዳር ያሉት ገበሬዎች ቱቦዎቹን ፈትተው በአህያ ጭነው ሽቅብ ያወጣሉ። የመጨረሻው ሽንኩርት ቢቀርም ሞተሩ አይቀርም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማሳው ላይ ጀልባ ይሄድበታል።