ቮልሷ ወደኋላ ስትሄድ

እሁድ ማታ ነው። እጄ አሁንም ግሪስ ግሪስ ይሸታል፤ በሳሙና ብፈትገውም አልለቀቀም። ግን ደስ ብሎኛል። የአባዬ ቮልስ 1965 ሞዴል ናት፤ በዚህ ሁሉ ዘመኗ ወደኋላ ስትሄድ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ባለፈው ሳምንት ለመናገር ሞክራ ዋሸች። ዛሬ ግን እውነቱን ተናገረች።

ነገሩ የጀመረው ከፋሲካ በፊት ነው። ቤታችን ሽሮ ሜዳ፣ ዳገቱ ላይ ነው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ማዞሪያ የለም፣ ከግቢ የምንወጣው በኋላ ማርሽ ነው። አንድ ቀን ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ቀስ እያልኩ ስወጣ፣ ከኋላ ቆርቆሮው ኳ! ኳ! አለ። ፍሬን ይዤ ወረድኩ። ጎረቤታችን እማማ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነበር፤ ጃንጥላቸውን እንደ ዱላ ይዘውታል።

«ይቅርታ እማማ፣ አላየሁዎትም» አልኳቸው።

«እኔማ አይቼሃለሁ። መኪናውም ቀዩ መብራትም ይታየኛል። ግን ቆመህ ይሁን ልትመጣብኝ፣ በምን ልወቅ?»

መልስ አጣሁ። እኔ የኋላ ማርሽ መብራት ሲባል የማስበው ስለራሴ ማየት ብቻ ነበር። የቮልስ የኋላ መስኮት መቼም ትንሽ ነው፣ ማታማ ጨርሶ አያሳይም። እሳቸው የጠየቁኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ለአባዬ ስነግረው ሳቀ። «ድሮ እኮ መብራቱ አንተ ነበርክ» አለኝ። እውነቱን ነው። በልጅነቴ ከኋላ ቆሜ «ና፣ ና፣ አለህ፣ አለህ… ስበር… በቃ!» እያልኩ የማስወጣት እኔ ነበርኩ። «በቃ» ስል ቆርቆሮዋን በመዳፌ ሁለቴ መታ መታ አደርጋታለሁ። አሁን ግቢው ውስጥ ልጅ የለም።

ሳነብ ደግሞ ይባስ ተናደድኩ። ለአሜሪካ ገበያ የወጡት የ1967 ሞዴሎች የኋላ ባምፐራቸው ላይ ለኋላ ማርሽ የሚበራ ነጭ መብራት ተገጥሞላቸው ነው የመጡት። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከቀዩ መብራት ጋር አንድ ቤት ውስጥ ገባ። ከእኛዋ በሁለት ዓመት ብቻ ታናሽ ናቸው! እነዚያው የ1967ቶቹ ኤሌክትሪካቸውም ከ6 ቮልት ወደ 12 ተሻሽሏል። የእኛዋ 6 ላይ ቀረች። መከራዬን ያበላኝም ይሄ 6 ቮልት ነው።

ሶማሌ ተራ ሄጄ ነጭ መስታወት ያላት ክብ መብራት ገዛሁ። ከየትኛው መኪና እንደወረደች ሻጩም አያውቅም። አምፖሏ ባለ 12 ቮልት፣ 21 ዋት። ቤት አምጥቼ ባትሪው ላይ ሳስነካት ልትጠፋ የደረሰች ሻማ መሰለች። ተመልሼ የ6 ቮልት አምፖል ስጠይቅ አንዱ ሻጭ «ወንድሜ፣ ሙዚየም ሞክር» አለኝ። በመጨረሻ ፍራንክፈርት የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ስትመጣ አምስት አምፖል ካልሲ ውስጥ ጠቅልላ አመጣችልኝ።

ሁለት መብራት ልግጠም ወይስ አንድ? 21 ዋት አምፖል በ12 ቮልት ሁለት አምፔር እንኳ አይሞላም። በ6 ቮልት ግን ሦስት ተኩል ይስባል፣ ሁለት ሲሆኑ ሰባት። ለዚህች አሮጊት ይበዛባታል። አንድ ይበቃል አልኩ። ሽቦውንም ወፍራም፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር አደረግኩት። ከ6 ቮልት ላይ መንገድ ለመንገድ የሚባክን ነገር የለም። መብራቷን የሰቀልናት ባምፐሩን በሚይዘው ቡሎን ነው። አዲስ ቀዳዳ አልበሳንም። እሱ ላይ ድርድር የለም።

ቀጥሎ፣ ማን ያብራት? መካኒኩ ዳሽቦርዱ ስር ማብሪያ እንስቀል አለ። እኔ ደግሞ ራሴን አውቃለሁ፤ ፍሬቻ አብርቼ ረስቼ ከአራት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ የወጣሁ ሰው ነኝ። በኋላ የመጡት ቮልሶች ካምቢዮው ላይ ስዊች አላቸው፣ የእኛዋ የላትም። መካኒኩ ከሞተ የፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ የነቀላትን ጣት የምታህል ማይክሮ ስዊች ከመሳቢያው አወጣ።

የኋላ ወንበሩን አነሳን። ባትሪው እዚያው ስር ነው፣ ሞተሩም ከጀርባው፣ ሽቦ የሚዞርበት ሩቅ ቦታ የለም። ከማርሽ እጀታው ተነስቶ ወደ ካምቢዮ የሚሄደው ዘንግ የሚጋጠምበትም ቦታ እዚያው ነው፣ በትንሽ ክዳን ተሸፍኖ። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታነው። አባዬ ፊት ተቀምጦ ማርሽ ያስገባል፣ እኛ የእጅ ባትሪ አብርተን ዘንጉን እናያለን። «አንደኛ!» ዘንጉ ወደ ኋላ ሸሸ። «የኋላ!» እጀታውን ወደ ታች ተጭኖ፣ ወደ ግራ ገፍቶ፣ ወደ ራሱ ሳበው። ዘንጉ ወደ ፊት መጣ። ስዊቿን እዚያ አሰርናት። በራች። አጨበጨብን።

ሰኞ ጠዋት ቁልቁል እየወረድኩ ነው። ከኋላዬ ያለ ሚኒባስ ጥሩምባውን ለቀቀው። ትንሽ ቆይቶ አሁንም። መብራት ላይ ስንቆም ወያላው ወርዶ መስኮቴ ጋ መጣ።

«ብሮ፣ ትመጣለህ ትሄዳለህ?»

ለካ ሁለተኛ ማርሽ ባስገባሁ ቁጥር ትበራለች። ሁለተኛም የኋላም እጀታው ወደ ራስ ነው የሚሳበው፣ ዘንጉም በሁለቱም ወደ ፊት ነው የሚመጣው። ልዩነቱ የኋላ ማርሽ ሲገባ ዘንጉ ተጨማሪ መዞሩ ነው። እኛ የተመለከትነው መሄድ መምጣቱን ብቻ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አምፖሏን ነቅዬ ነዳሁ። ትናንት እንደገና ከፍተን ስዊቿን ወደ ጎን አዞርናት፤ አሁን የምትነካው ዘንጉ ያቺን ትርፍ ዙር ሲዞር ብቻ ነው። አራቱንም ማርሽ አሥር አሥር ጊዜ አስገባን። ጨለማ። የኋላ፣ ብርሃን።

መካኒኩ መጀመሪያ መስመሩን በቀጥታ ከባትሪው ሊያወጣው ነበር። እዚያው ስለሆነ ቀላል ነው። ያስቆመው አባዬ ነው።

«እኛ ማርሽ ውስጥ ነው የምናሳድራት» አለ።

የእጅ ፍሬኗ ስለማይታመን በኋላ ማርሽ ትቆማለች፣ ጎማው ስር ድንጋይ ይገባል። ከባትሪ ቢወጣ ኖሮ ሌሊቱን ስታበራ አድራ ጠዋት ሰፈርተኛው ይገፋን ነበር። መካኒኩ ዝም ብሎ ሽቦውን ከሞተሩ ማስነሻ ኮይል ላይ፣ ጀርመኖቹ 15 ብለው ከሚጽፉበት፣ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኘው ጫፍ አወጣው። መሀል ላይ ነጯ የ8 አምፔር ፊውዝ ገባች። ቁልፍ ሲዘጋ መብራቷም ትሞታለች። አባዬ ቀኑን ሙሉ ፊቱ በርቶ ዋለ፣ አምስት ጊዜ ያህልም ደገመልን።

ዛሬ ማታ ዳቦ ልገዛ ብዬ ወጣሁ። ዳቦ ቤቱ በእግር ሦስት ደቂቃ ነው። አባዬ ጎኔ ተቀመጠ። ጫን፣ ግራ፣ ወደ ኋላ። የግቢው በር በነጭ ብርሃን ተጥለቀለቀ። ትንሽ እንደሄድኩ በመስታወቱ ውስጥ ነጠላ አየሁ። እማማ ናቸው፣ አጥሩን ተጠግተው ቆመዋል። እንዲያልፉ ቆምኩላቸው። አላለፉም። መብራቷን ትንሽ አዩዋትና ጃንጥላቸውን ከፍ አደረጉ።

«ና፣ ና» አሉ። «አለህ… አለህ… በቃ!»

ባምፐሩን ሁለቴ መታ መታ አደረጉት።