ያገለገለ ስዊች ስንገዛ 10 ጊጋ መኖሩን እንዴት እናረጋግጥ?

ጎንደር ሆኖ ያገለገለ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል አንድ ላይ የሚያገናኝ ዕቃ) ከአዲስ አበባ የሚያዝ ሰው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ ዕቃ ነው የሚያዘው። «10 ጊጋ አለው» (በሰከንድ 10 ጊጋቢት ያሳልፋል) የተባለው ደርሶ 1 ጊጋ ብቻ ሆኖ ቢገኝ፣ መመለሱ ራሱ ሌላ ወጪ ነው። ስለዚህ ማጣራቱ ብር ከመላኩ በፊት በቴሌግራም ይጀመር።

መጀመሪያ ሙሉው የሞዴል ቁጥር የሚታይበትን የስቲከር ፎቶ ጠይቁ። «ሲስኮ 2960ኤስ ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም። 24ቲዲ-ኤል ከሆነ ሁለት የ10 ጊጋ ኤስኤፍፒ ፕላስ ቀዳዳ (የኬብል ወይም የሞጁል መሰኪያ) አለው፤ 24ቲኤስ-ኤል ከሆነ ግን አራቱም ባለ 1 ጊጋ ኤስኤፍፒ ናቸው። በ2960ኤክስም እንዲሁ ነው። ቀዳዳዎቹ በመልክ ስለማይለዩ የፊት ለፊት ፎቶ ብቻ አይበቃም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በ3750ኤክስ ነው። የዚህ ስዊች ፈጣን ፖርቶች ያሉት ተነቃይ ሞጁል ላይ ነው፤ ሞጁሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለብቻው ተነቅሎ ይሸጣል። ሻጩ የኮንፊገሬሽኑን ስክሪን ሾት ልኮ «ይኸው ቴን ጊጋቢት ኢተርኔት 1/1/1 አለ» ቢላችሁ አትመኑ። ሞጁሉ ባይኖርም ስሙ እዚያ ይታያል። ማስረጃ የሚሆነው «ሾው ኢንቬንተሪ» የሚለው ትእዛዝ የሚያወጣው ነው፦ ሲ3ኬኤክስ-ኤንኤም-10ጂ የሚል መስመር ከነሴሪያል ቁጥሩ መኖር አለበት። መጨረሻው 1ጂ ከሆነ 10 ጊጋ የለም። በትክክለኛው ሞጁል ላይም ቢሆን ከአራቱ ቀዳዳዎች 10 ጊጋ የሚሠሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ «ቲኢ» የተጻፈባቸውን ፈልጉ።

የ3750ኤክስ የኋላ የስታክ ወደብ ስዊችን ከስዊች ለማያያዝ ብቻ ነው። ሰርቨር አይሰካበትም።

ብሮኬድ በተባለው ፋብሪካ ስዊቾች ላይ ችግሩ ላይሰንስ (ፍጥነቱን የሚከፍት ፈቃድ) ነው። አይሲኤክስ 6450 አራት ኤስኤፍፒ ፕላስ ቢኖረውም፣ ያለ ላይሰንስ 10 ጊጋ የሚሠሩት ሁለቱ ናቸው። 6610 ላይ ደግሞ የፊቶቹ ስምንቱም ያለ ላይሰንስ 1 ጊጋ ናቸው። «ሾው ላይሰንስ» የሚያወጣውን አስልኩ፤ ላይሰንሱ ከዚያው ዕቃ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ከሌላ ስዊች ገልብጦ መጫን አይቻልም።

ዕቃው ሲደርስ ከቢሮው ኔትወርክ ጋር ሳታገናኙ በኮንሶል ኬብል (ስዊቹን ከኮምፒውተር ሆኖ ለማዘዝ በሚሰካው) ግቡ፤ ሲስኮ ላይ የኮንሶሉ ፍጥነት 9600 ነው። ከዚያ በአንድ ሜትር የዳክ ኬብል (ሁለቱም ጫፉ ላይ መሰኪያው አብሮ የተሠራለት የመዳብ ኬብል) የስዊቹን ሁለት የ10 ጊጋ ፖርቶች እርስ በርስ አገናኙ። ስፓኒንግ ትሪ (ዳታ እየዞረ እንዳይመላለስ የሚከላከለው የስዊቹ ሥርዓት) አንዱን ፖርት ይዘጋዋል፤ ይህ ጤነኛ ነው፣ ሊንኩ ግን መነሣት አለበት። «ሾው ኢንተርፌስ» ውስጥ 10 ጊጋቢት፣ ፉል ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ መላክና መቀበል) የሚል ይታያል። ፖርቱ «ኤረር ዲሴብልድ» (በስህተት ምክንያት ተዘግቷል) ቢል ተበላሽቷል ብላችሁ ዋጋ ለመቀነስ አትቸኩሉ። የሌላ ፋብሪካ ኬብል ወይም ሞጁል ሲሰካ ሲስኮ እንዲህ ይዘጋል። «ሰርቪስ አንሰፖርትድ-ትራንሲቨር» ብላችሁ ጻፉና ፖርቱን «ሻት» ብላችሁ ዝጉ፣ ከዚያም «ኖ ሻት» ብላችሁ ክፈቱ።

ሊንክ መነሣቱ ብቻ ግን አይበቃም፤ ጭነት መሸከሙ መታየት አለበት። ባለ 10 ጊጋ ካርድ ያላቸው ሁለት ኮምፒውተሮች ካሉ (ያገለገለ ኢንቴል ኤክስ520 ይበቃል) በአይፐርፍ 3 (የኔትወርክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ። በተለመደው የ1500 ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ከፍተኛ መጠን በባይት) 9.4 ጊጋቢት ገደማ ይጠበቃል። 940 ሜጋቢት ላይ ከቆመ መንገዱ ላይ አንድ ቦታ 1 ጊጋ አለ። ከ4 ጊጋቢት በታች ከቀረ ደግሞ ስዊቹን ከመውቀሳችሁ በፊት ካርዱ የተሰካበትን ስሎት እዩ፤ ቅርጹ ረጅም ሆኖ ውስጡ አንድ ሌን (የዳታ መስመር) ብቻ ያለው ስሎት የያዘ ማዘርቦርድ ብዙ ነው። ሲያልቅ በስዊቹ ላይ የሲአርሲ ቆጣሪውን (ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ የሚቆጥረውን) አንብቡ። ከዜሮ ተነሥቶ እየጨመረ ከሄደ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ፤ ኬብል ተቀይሮም በዚያው ፖርት ላይ ከቀጠለ ጉድለቱ የፖርቱ ነው፣ ለሻጩ የሚላከውም ያ ቁጥር ነው።