የታንኳ መረብና አሮጌ ነጠላ ጫማ

ወደ ዘጌ የሚሻገር እንግዳ ዓይኑ የሚያርፈው ገዳማቱና ቡናው ላይ ነው። እኔን ግን ከባሕር ዳር ብዙም ሳልርቅ ያስቀረኝ የጣና ዳርቻ ላይ ያየሁት ክምር ነው፤ አሮጌ ነጠላ ጫማ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የተቀደደ ጀሪካን፣ ሲባጎ። አጠገቡ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ መረብ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ጫማው ለምንድን ነው?»

«መረቡ በምን ይንሳፈፍ ልጄ?» አሉና ቢላዋቸውን አነሡ።

ታንኳቸው ከደንገል የተሠራ ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ከሥራ በኋላ ተጎትቶ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። በላዩ የሚጫን ሁሉ ስለዚህ ቀላል መሆን አለበት። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና ረጃጅም መረብ ወደ ጣና ቢገቡም፣ ባለታንኳው ለታንኳው የሚስማማውን ዛሬም በእጁ ያበጃል።

የጫማው ሶል ተቆራርጦ መሃል መሃሉ በጋለ ምስማር ተበሳ። ሲባጎው በቀዳዳው ካለፈ በኋላ ቁራጩ እንዳይንሸራተት ግራና ቀኙ ይቋጠራል። ርቀቱን የሚለኩት በክንዳቸው ነው። በታችኛው ገመድ ላይ ደግሞ ወገቡ ሰርጎድ ያለ ድንጋይ እየመረጡ ያስራሉ፤ ልሙጡ ያመልጣልና። ሚዛኑ ላይ ግን ቸኩለው አላየኋቸውም። ድንጋዩ ከበዛ መረቡ ጭቃ ላይ ይተኛል፤ ጫማው ከበዛ ከሥር ይነሣና ዓሣው በታች ሾልኮ ይሄዳል። ጉልበታቸው ድረስ ውሃው ውስጥ ገብተው ዘረጉት፣ አንድ ቁራጭ ቀነሱ፣ እንደገና ዘረጉት።

የሃይላንዱ ጠርሙስ መረቡ ያለበትን ቦታ ማሳያ ነው። ጥቂት አሸዋ ጨምረው ክዳኑን ያጠብቁታል። አሸዋው ጠርሙሱን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ባዶውን ቢሆን ነፋስ እየገፋ ይጫወትበታል። አንገቱ ላይ ቀይ ፌስታል ይታሰራል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከዕቃዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ናይለን መረብ አይበሰብስም፣ ከጠፋም በኋላ ዓሣ መግደሉን አይተውም። ለመልሕቅ ድንጋይ በገመድ ይበቃል። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ወደ 14 ሜትር ነው።

በማግስቱ ማለዳ መረቡ ሲወጣ ጥቂት ቆሮሶና አንድ አምባዛ ይዟል። አምባዛው ተጠማዝዞ መረቡን ሸርክቶታል። አዛውንቱ ከጀሪካን የተቆረጠ መርፌያቸውን አወጡ፤ ጫፉ ሾጣጣ፣ መሃሉ ላይ ክር የሚጠመጠምበት ምላስ ያለው። በየዓይኑ መሃል አንዲት ጠፍጣፋ እንጨት እያስገቡ ይቋጥራሉ።

«እንጨቷ ለምን?» አልኳቸው።

«ዓይኑ እንዳይጠብ። ከጠበበ ጫጩቱን ሁሉ ይሰበስባል፤ ከዚያ ለከርሞ ምን እናጠምዳለን?»

ጥገናው ሳያልቅ ልጃቸው ዓሣውን ወደ ገበያ ልትወስድ መጣች። ቆሮሶው ቶሎ ይሸጣል አለች፤ አምባዛውን ግን ገዢ ካላገኘች ይዛው ልትመለስ ነው።