ካልኩሌተር አይደለችም

ባቡር ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ሰውዬ እጄን ደጋግሞ ሲያይ ቆየና በመጨረሻ አላስችል ሲለው ምን እያሰላሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከማድሪድ ወደ ሴቪያ እየተጓዝን ነው። እጄ ላይ ያለችው የኪስ ኤሌክትሮኒክ መዝገበ ቃላቴ ናት፤ ከጎን ለሚያያት ግን ካልኩሌተር ትመስላለች፣ አይፈረድበትም። ከመዳፍ አትበልጥም። ክዳን አላት። ስክሪኗ ግራጫ ነው፣ አራት መስመር ብቻ ያሳያል፣ መብራት የለውም። ስፓኒሽ ሲጽፉላት እንግሊዝኛ ትሰጣለች፣ እንግሊዝኛ ሲጽፉላት ስፓኒሽ። ገንዘብና መለኪያም ትቀይራለች። እውነቱን ለመናገር ካልኩሌተርም አላት፣ ስለዚህ ሰውየው ጨርሶ አልተሳሳተም።

«ስልክ እያለ ይሄ ምን ያደርግልሃል?» የማይለኝ የለም። ልክ ናቸው፣ ጊዜው አልፎበታል። በእጅ የሚያዙ ተርጓሚዎች እነ ሌክሲከን ኤልኬ-3000 ብቅ ያሉት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ቋንቋ ለመቀየር ቃላቱ ያሉበትን ካርትሪጅ ነቅሎ ሌላ መሰካት ነበር። በ1986 ፍራንክሊን የሚባለው ኩባንያ ስፔሊንግ ኤስ የምትባል የእንግሊዝኛ ፊደል አራሚ አወጣ፣ ከዚያ በኋላ ዘር ማንዘሩ በዛ። የኔዋ የማን ሥራ እንደሆነች አልናገርም፣ ምክንያቱም ወረድ ብዬ ላማት ነው።

ስልክም እጠቀማለሁ፣ አልዋሽም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ረጅም ማስታወቂያ ሲገጥመኝ ካሜራውን ደቅኜ አነበዋለሁ። ስፓኒሽ ለመማር ግን ስልክ አልሆነኝም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስጽፍለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመልስልኛል፣ እኔም እንደ በቀቀን ደግሜው እሄዳለሁ፣ በማግስቱ አንድ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ የለም። ትንሿ መሣሪያ ግን የምትሰጠው ቃል ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገሩን የምገጣጥመው እኔ ነኝ፣ የምሳሳተውም እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ይቀረኛል። ደግሞ መልእክት አይገባባትም። ባትሪዋም ሳንቲም የምታክል ሲአር 2032 ናት (ቁጥሩ ልኳ ነው፦ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት)፣ አንዴ ከገባች ወራት ትቆያለች።

መጀመሪያ ያዋረደችኝ ሳይሆን ያዳነችኝ ጉዳይ ስለ ዕድሜ ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ዕድሜን «ይህን ያህል ዓመት አለኝ» ብለው ነው የሚናገሩት። ዓመት «አኞ» ነው፣ ሲበዛ «አኞስ»። የኮርሱ መምህራችን ራሳችሁን በጽሑፍ አስተዋውቁ ስትለን እኔ በችኮላ ኤኗ ላይ ያለችውን ጭረት ረሳሁና «አኖስ» ብዬ ጻፍኩ። መምህራችን ምንም አላለችም። ቃሉን በቀይ ከበበችና ፈገግ አለች። ወንበሬ ላይ ተመልሼ መሣሪያዬ ላይ ስጽፈው ሁለት ቃል አምጥታ የትኛውን ነው አለችኝ። አንዱ ዓመት ነው። ሌላው ፊንጢጣ ነው። 31 ፊንጢጣ አለኝ ብዬ በጽሑፍ አረጋግጫለሁ ማለት ነው።

እኛ ግን በዚህች ፊደል መሳሳት አልነበረብንም እኮ! «ነ»ን አስቡ። ከላይ አንድ ጭረት ጣል አድርጉባት፣ «ኘ» ሆነች። የእነሱም እንደዚሁ ነው፦ ኤን ጽፈህ ከላይ ጭረት ስታደርግባት «ኝ» ትላለች። የድሮ ጸሐፊዎች ሁለት ኤን ጎን ለጎን ከመጻፍ አንዷን አሳንሰው ከላይ ይደርቧት ነበር፣ ጭረቷ ከዚያ የመጣች ናት። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የክፍል ጓደኛዬ «ኒዮ» እያለ ምላሱ ሲታሰር እኔ «አኞ» ብዬ ቁጭ። የመጀመሪያው ቀን ላይ የተደሰትኩት በዚህ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ሐሜቱ። አራት መስመር ስክሪን ትልቅ ጠንቅ አለው፣ የመጀመሪያውን ፍቺ አንብበህ ክዳኑን ትዘጋለህ። አንድ ቅዳሜ ከክፍል ልጆች ጋር ከከተማ ልንወጣ ተነጋግረን ነበር። አርብ ማታ መልእክት መጣልኝ፤ «እንግዲህ ማኛና ኬዳሞስ» ይላል። ማኛና ነገ መሆኑን አውቃለሁ። ኬዳሞስ የሚለውን ስጽፍላት ግሱ «ኬዳር» ነው አለችኝ፣ የመጀመሪያው ፍቺ መቅረት፣ መቆየት። እኔም በአማርኛዬ «ነገ እንቀራለን» ብዬ አነበብኩት። ቀረ ማለት ቀረ ነው! ጉዞው ተሰርዟል ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስልኩ ሲጮህ እነሱ ባቡር ጣቢያ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። ኋላ ቀስቷን ወደታች ስጫን፣ ስጫን፣ ስጫን፣ ከብዙ ፍቺ በታች «ለመገናኘት መቀጣጠር» የሚል አለ። ለቀጠሮ የሚጠቀሙበት ቃል እኔ ቀጠሮ ማፍረስ ብዬ ተረዳሁት፣ ከዚህ በላይ መገልበጥ አለ? ከዚያ ወዲህ እስከ ታች ሳልወርድ ክዳን አልዘጋም።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የእንግሊዝኛው ነው። ሴቪያ ላይ ጉንፋን ያዘኝና ፋርማሲ ገባሁ። ፋርማሲስቷ አንዴ አይታኝ «ኮንስቲፓዶ ነህ?» አለችኝ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ የሚመጣለት የሆድ ድርቀት ነው። ኧረ በፍጹም! ሆዴን እየመታሁ ደህና ነው፣ ደህና ነው እላለሁ። እሷ አፍንጫዬን ትጠቁማለች፣ እኔ ሆዴን እጠቁማለሁ፣ ከኋላዬ ሰልፍ አለ። በመጨረሻ አውጥቼ ጻፍኩት። ኮንስቲፓዶ፦ ጉንፋን የያዘው። እንደዚህ ዓይነት ቃል ሞልቷል። «ኤክሲቶ» የሚለውን በር ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ትርጉሙ ስኬት ነው፣ መውጫው «ሳሊዳ» ነው። «ሊብሬሪያ» መጽሐፍ መሸጫ እንጂ ቤተ መጻሕፍት አይደለም። «ካርፔታ» ምንጣፍ ሳይሆን የወረቀት መያዣ ክላሰር ነው። ስሙን አውቀዋለሁ ያላችሁትን ቃል ቀድማችሁ ፈልጉ እላለሁ፣ የማታውቁትንማ መፈለጋችሁ አይቀርም።

እዚህ ላይ ነው ለረጅም ጊዜ ሲያናድደኝ የነበረው ነገር የገባኝ። ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ በር እየገባሁ ነው የምማረው፤ በሩ ደግሞ ጠባብ ነው። «ሜ ጉስታ» ብዬ ስጽፍላት «እወደዋለሁ» የሚለውን እንግሊዝኛ ትሰጠኛለች። ከዚያ የኮርሱ መጽሐፍ ሁለት ገጽ ሙሉ ይተነትናል፤ ወዳጁ ባለቤት አይደለም፣ የተወደደው ነገር ነው ባለቤቱ፣ ተጠንቀቁ፣ ይገለበጣል ይላል። እኔም እንደ እንግሊዞቹ ተጨንቄ ስሸመድድ ከረምኩ። አንድ ቀን አውቶቡስ ስጠብቅ እንዲሁ ብልጭ አለልኝ። ይሄ እኮ «ደስ ይለኛል» ነው! ነገሩ ነው ደስ የሚለው፣ እኔ መጨረሻ ላይ «ኝ» ሆኜ ነው የተንጠለጠልኩት። ነገሩ ሲበዛ «ሜ ጉስታን» ይላሉ፣ እኛ «ደስ ይሉኛል» እንላለን። «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ደግሞ ቃል በቃል ራሴን ያመኛል። ምን የሚገለበጥ ነገር አለው?

አክብሮቱም እንደዚሁ። መሣሪያዬ ላይ እንግሊዝኛውን «ዩ» ብትጽፉ «ቱ፣ ኡስቴድ፣ ቮሶትሮስ፣ ኡስቴዴስ» ብላ ትደረድርና ዝም ትላለች። እንግሊዝኛ አንድ ቃል ብቻ ስላለው ልዩነቱን ለማስረዳት አቅም የለውም። ለእኛ ግን ቱ አንተ ነው፣ አንቺም ነው፣ ኡስቴድ እርስዎ ነው፣ በቃ። ይባስ ብሎ ኡስቴድ ሲሉ ግሱን ለሦስተኛ ሰው እንደሚሆነው ነው የሚያረቡት፤ እኛም «እርስዎ ይናገራሉ» ስንል ግሱ «እሳቸው ይናገራሉ» ከሚለው አይለይም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጓደኛዬ ይህን ለመልመድ አንድ ወር ፈጀበት። ቮሶትሮስ የስፔን እናንተ ነው፤ ላቲን አሜሪካ ለሁሉም ኡስቴዴስ ይላሉ፣ አርጀንቲና ደግሞ በቱ ፈንታ ቮስ ትላለች። ይህን ካወቅኩ በኋላ ደብተሬ ላይ ሦስተኛ ዓምድ ሠራሁ፤ ስፓኒሽ፣ እንግሊዝኛ፣ አማርኛ። እንግሊዝኛው ዓምድ ቀስ በቀስ ባዶ እየሆነ መጣ።

ስለ አገራት ልዩነት ካነሳሁ አይቀር፣ ከቃሉ አጠገብ የሚመጡትን ትናንሽ የአገር ምልክቶች አትዝለሉ። «ኮኼር» ስፔን ውስጥ መያዝ ነው፣ አውቶቡስም ታክሲም ይያዝበታል። ሜክሲኮና አርጀንቲና ይህን ብትሉ ሰው ዞር ብሎ ያያችኋል፣ የመኝታ ቤት ቃል ነው። አውቶቡሱ ራሱ ኩባና ካናሪ ደሴቶች ላይ «ጓጓ» ይባላል፣ ቺሊ ሲደርስ ጓጓ ሕፃን ልጅ ነው፣ ወደኛ ሲመጣ ደግሞ ያው ጓጓ። ይህን ለቺሊያዊት ልጅ ስነግራት ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም አለችኝ።

ግስ ላይ መሣሪያዬን አመሰግናታለሁ። በወረቀት መዝገበ ቃላት «ፉዊ» የሚል ቃል ገጥሞህ ብትፈልገው አታገኘውም፣ ምክንያቱም የ«ሴር»ም የ«ኢር»ም ኃላፊ ጊዜ ነው፤ ነበርኩም ሄድኩም ይሆናል። እሷ ሁለቱንም አምጥታ ምረጥ ትላለች፣ ከዚያ ሙሉውን እርባታ ታሳያለች። የወረቀቱ ሌላም ጣጣ አለው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1994 ድረስ «ቸ» እና «ድርብ ኤል» እንደ ራሳቸው ፊደል ስለሚቆጠሩ አሮጌ መዝገበ ቃላት ላይ የራሳቸው ክፍል ነበራቸው፣ ቁልፍ ማለትም «ያቤ» ስትፈልግ ከኤል ክፍል ስታጣው ትበሳጫለህ። የኔዋም ግን የተጣበቁ ቃላት አታውቅም። «ዳሜሎ» አንድ ቃል ነው፣ ስጠኝ፣ እሱን ስጠኝ። ብጽፍላት አላውቀውም አለች። አልቀየምኳትም። «አምጣልኝ» የሚለውን ቃል አማርኛ መዝገበ ቃላት ላይ በ«አ» ሥር ፈልጉ እስቲ፤ «መጣ» ጋ ሄዳችሁ ነው የምታገኙት። ቆርጦ መፈለግ ነው፦ ዳ፣ ሜ፣ ሎ።

የምር ያናደደችኝ አንዴ ነው። የምፈልጋቸው ቃላት እንዳይጠፉብኝ የምመዘግብበት ዝርዝር አላት፣ ከመቶ በላይ ቃል አጠራቅሜ ነበር፤ «አንዴን» ባቡር የምትሳፈርበት ቦታ፣ «ኢዳ ኢ ቩዌልታ» ደርሶ መልስ፣ «ኦኻላ» ምነው በሆነ (ከዓረብኛ የወረሱት ነው፣ አላህ ቢል የሚል አለበት)። ባትሪ ቀየርኩ። ዝርዝሩ የለም። ባዶ። ሁሉም ጠፋ። መመሪያው ላይ ተጽፎ ይሆናል፣ ማን ያነባል።

ያገለገለ ከሰው ላይ ልትገዙ ከሆነ ክዳኑን ከፍታችሁ ባትሪ ቤቱ ዝጎ እንዳልሆነ እዩ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ጫኑ፤ በተለይ ኢ እና ኤስን እዩ፣ ስፓኒሽ ያለ እነሱ አይነገርም። ከዚያ «ኬፖ» ብላችሁ ጻፉላት። «ካቤር» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፣ እኔ እበቃለሁ፣ ልገባ እችላለሁ እንደማለት፣ ፊደሉ ከግሱ ጋር ጨርሶ አይመሳሰልም። ካቤር ብላ ከመለሰች ግዟት። ተሳስተሃል፣ ኬሶ ልትል ነው ካለች፣ አይብ ማለት ነው፣ ለባለቤቱ መልሱለት።