ጀልባዬን ያለ ኮምፕሬሰር፣ በሩሎና በብሩሽ እንዴት እንዳለሰለስኳት

ባህር ዳር ሐይቁ ዳር ነው ያደግኩት፣ እንጀራዬም ከጀልባ ነው፣ ሰው ወደ ዘጌና ወደ ደብረ ማርያም አመላልሳለሁ። ጀልባዋ ፋይበር ግላስ ናት፣ ሰባት ሜትር ትሆናለች፣ ከኋላ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ተገጥሞላታል። ስገዛት ቀለሟ ፀሐይ በልቶት እጄን ሳሳርፍባት እንደ ጠመኔ ነጭ ዱቄት ይለቅብኝ ነበር፣ ጎንና ጎኗ ደግሞ ከወደቡ ድንጋይ ጋር ስትፋተግ የኖረችበት ጭረት ብቻ ነው። እዚህ የምጽፈው ሁለት ጊዜ ስለቀባኋት ነው፣ አንዴ ተበላሽቶብኝ አንዴ ደግሞ አምሮልኝ፣ ጀልባ ያላችሁ ልጆች የኔን ብር ደግማችሁ እንዳታወጡ ብዬ።

የመጀመሪያው ጊዜ እንዲህ ሆነ። አንድ የመኪና ቀለም ቀቢ ኮምፕሬሰሩን ይዞ ሐይቁ ዳር ድረስ መጣልኝ፣ እኔም ቶሎ ወደ ስራ ልመለስ ብዬ ስለቸኮልኩ ከሰዓት በኋላ ጀመርን። ጣናን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከሰዓት ሲሆን ነፋሱ ይነሳል፣ ግማሹ ስፕሬይ በአየር ላይ ሄደ፣ አቧራው ደግሞ መጥቶ ተለጠፈ። ሲመሽ የሐይቁ ትንኝ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ሳያት መዳፌን የሚያህል ቦታ ላይ ብቻ አስራ አራት ትንኝ ቆጠርኩ፣ ክንፋቸው እንደተዘረጋ ቀለሙ ውስጥ ደርቀዋል። እሱስ ይሁን፣ ክረምቱን ውሃ ላይ ከርማ ሳወጣት ከውሃው መስመር በታች ያለው ቀለም ሁሉ ውሃ ቋጥሮ እንደ እሳት ቃጠሎ አብጧል፣ በጥፍሬ ስነካው ይቀደዳል። ለካ የመኪና ቀለም ዝናብ ይችላል እንጂ ቀንና ሌሊት ውሃ ውስጥ መቀመጥ አይችልም።

ባለፈው የካቲት እንደገና ጀመርኩ፣ አሁን ግን ከሐይቁ ራቅ አድርጌ ቆርቆሮ ጣራ ያለው የጓደኛዬ ግቢ ውስጥ አስገባኋት። ምክር የጠየቅኳቸው ዕድሜ ልካቸውን ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲቀቡ የኖሩ ሰውዬ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። መጥተው ዞረው ዞረው አዩዋትና "ልጄ፣ ቀለም ጉድ አይሸፍንም፣ ጉድ ያወጣል እንጂ" አሉኝ። ያኔ የአነጋገር ማማር መስሎኝ ነበር፣ ስራው ሲያልቅ ግን ቃል በቃል እውነት እንደሆነ ገባኝ፣ ምክንያቱም ቀለሙ ባበራ ቁጥር ከስሩ ያለችው ትንሽ ጉድጓድ ሳትቀር ትታያለች።

መጀመሪያ እጥበት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው፣ ሰም ወይም ዘይት ያለበትን ነገር ሳታጥቡ በብርጭቆ ወረቀት ካሻችሁት ሰሙን ጭረቱ ውስጥ ነው የምትቀብሩት፣ ከዛ በኋላ አይወጣም። እኔ በሳሙና ካጠብኳት በኋላ በሁለት ጨርቅ ጠረግኳት፣ አንዱ ቲነር የነካ፣ ሌላው ደረቅና ንጹህ፣ እርጥቡ ሳይደርቅ ደረቁ ተከትሎ ቆሻሻውን ማንሳት አለበት፣ አለበለዚያ ከቦታ ወደ ቦታ ማዘዋወር ነው። ማወቂያው ቀላል ነው፣ ንጹህ ውሃ ትረጩበታላችሁ፣ ውሃው ተዘርግቶ ከወረደ ንጹህ ነው፣ እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ገና ቅባት አለ።

ጭረቶቹን በስለት ትንሽ ከፈት እያደረግኩ ነው የሞላኋቸው። ከውሃው መስመር በላይ ጋራዥ ያለውን ተራውን ስቱኮ ተጠቀምኩ፣ ከመስመሩ በታች ግን በኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ክፍሉ ተቀላቅሎ በሚጠነክር ሙጫ ነው የሞላሁት፣ ምክንያቱም ያ የጋራዥ ስቱኮ ውሃ ይጠጣል፣ ከስር ጠጥቶ ደግሞ ቀለሙን ይገፋዋል። ኢፖክሲ ሲደርቅ ላዩ ላይ የሚያዳልጥ ሰም የመሰለ ነገር ሊያወጣ ይችላል፣ ከማሸታችሁ በፊት በውሃና በስፖንጅ እጠቡት።

ከዛ ማሸቱ መጣ፣ እኔ ብዙ ጊዜ የፈጀሁት እዚህ ነው፣ ስምንት ቀን ማለት ነው። በእጅ መዳፍ ብቻ ካሻችሁ ጣታችሁ ያረፈበት ጎድጎድ ይላል፣ በዓይን አይታይም ግን ቀለም ሲገባ እንደ ሞገድ ይሆናል። ጋሼ ስልሳ ሳንቲሜትር የሚሆን ቀጭን ጣውላ አስቆረጡኝና ብርጭቆ ወረቀቱን በሙሉ ርዝመቱ ለጠፍንበት፣ ጣውላው ትንሽ ስለሚተጣጠፍ የጀልባዋን ቅርጽ ይከተላል ግን ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። ማሸት በሰያፍ ነው፣ አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ ወደ ላይ፣ አንዴ ከቀኝ ወደ ግራ፣ መስቀለኛ። በሻካራው በ80 ቁጥር ወረቀት ጀምሬ ወደ ለስላሳው፣ 120 ከዛ 180።

አንድ ቀን ማታ ላይ ጨረስኩ ብዬ "ጋሼ፣ ይሄማ አልቋል እኮ፣ ይዩት" አልኳቸው። ምንም ሳይመልሱ ርካሽ ጥቁር ስፕሬይ አንስተው ከራቅ ብለው ስስ አድርገው እንደ ጉም ነፉበትና "በል አሁን እሸው" አሉ። ሳሸው ከፍ ያለው ቦታ ሁሉ ነጣ፣ ዝቅ ያለው ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። አፍንጫዋ አካባቢ የቡና ስኒ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ጥቁር ቀረች፣ እኔ ሃያ ጊዜ በዛ በኩል አልፌ አላየኋትም። "ዓይንህን ጨፍንና ዳብሰው" አሉኝ፣ ስስ ጨርቅ በእጄ ስር አድርጌ ሳንሸራትት እውነትም ወረድ ብላ ወጣች። ከዛ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ መብራት አጥፍቼ የስልኬን ባትሪ ከጎን በኩል አስጠግቼ ነው የማያት፣ ጥላ የጣለ ቦታ ሁሉ ገና ስራ ይቀረዋል ማለት ነው።

ከዛ ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለሙ ስር የሚቀባው መሠረት) ሁለት እጅ፣ ከመስመሩ በታች አራት እጅ። ፕራይመሩን በ220 ከዛ በ320 አሸነው።

የቀለሙ ቀን። ኮምፕሬሰር አልፈለግኩም፣ ሁለት ክፍል ያለው ፖሊዩሬቴን ነው ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት፣ ይሄን ደግሞ በእጅ ቀብቶ መስታወት ማስመሰል ይቻላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ሃርድነሩ (ከቀለሙ ጋር የሚቀላቀለው ማጠንከሪያ) ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለ፣ ሳንባ ይጎዳል፣ አስም ያመጣል፣ የአቧራ ማስክ ምንም አያደርግለትም፣ የኬሚካል ፊልተር ያለው ማስክ ያስፈልጋል፣ ጓንትና መነጽርም እንደዚሁ። በስፕሬይ ሲሆን ደግሞ ጭጋጉ ስለሚተነፈስ ይብሳል፣ ሩሎን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የሃርድነሩን መጠን ቆርቆሮው ላይ ያለውን አንብባችሁ በመለኪያ ስጡት፣ በዓይን ግምት አይሆንም።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መሬቱን ውሃ ረጭተን አቧራው ከተኛ በኋላ ጀመርን፣ እኔ በቀጭን የስፖንጅ ሩሎ ከላይ ወደ ታች ስቀባ ታናሽ ወንድሜ ከኋላዬ እየተከተለ በለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ብቻ፣ ምንም ሳይጫን፣ የሩሎውን አረፋ ይደፋል። በአንድ ጊዜ ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምንይዘው፣ ብሩሹ ሁልጊዜ ከአዲሱ ተነስቶ ገና እርጥብ ወደሆነው ይገባል፣ ጠርዙ ከደረቀ መስመሩ ይቀራል። አንዴ ከነካችሁት በኋላ ተመልሳችሁ አትነካኩት፣ እጃችሁን ይበላችኋል ግን ተዉት። የኛ አገር ፀሐይ በ1,800 ሜትር ከፍታ ቀልድ አያውቅም፣ 3 ሰዓት ሲሆን ብሩሹ መጎተት ጀመረ፣ ትንሽ ቲነር ጨምረን እስከ 4 ሰዓት ጨረስን። ከሰዓት ብንጀምር ደግሞ ቀለሙ ሳይደርቅ የማታው ጤዛ ይደርስበትና አንጸባራቂነቱን ይገድለዋል።

የመጀመሪያው እጅ ሲያልቅ ስሩ ያለው ፕራይመር ይታያል፣ ሰው ያኔ ይደነግጥና ያወፍረዋል፣ ሲወፍር ደግሞ እንባ ያወርዳል። ስስ ይሁን፣ ይታይ፣ ሦስተኛው ላይ ይሸፍናል። እኔን የጎዳኝ ግን ሌላ ነው፣ ሁለተኛው እጅ ላይ በስተግራ በኩል ቀለሙ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ሸሸ፣ መሃሉ ላይ ስሩ ይታያል። ስናጣራ ወንድሜ መጨረሻ ላይ የጠረገበት ጨርቅ የሞተሩን ክዳን በሲሊኮን ያጸዳንበት ጨርቅ ነበር። ያንን ጎን ሙሉ አድርቀን፣ በቲነር ደጋግመን ጠርገን፣ በ320 አሽተን እንደገና ገባንበት፣ ሁለት ቀን በላ። አሁን የቀለም ጨርቅ በተዘጋ ፌስታል ለብቻው ነው የሚቀመጠው።

ሦስተኛው እጅ ከደረቀ በኋላም ሳምንት ሙሉ ውሃ አላስነካኋትም። ባወረድናት ቀን ጠዋት ሐይቁ ገና ጸጥ ብሎ ነበር፣ የውሃው ብርሃን ጎኗ ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁት፣ ሳይሰበር ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ሄደ። ጋሼም እጃቸውን በጎኗ አንሸራተው ከሞተሩ ስር ሲደርሱ ቆሙ፣ እዛ ጋ የስንዴ ፍሬ የምታህል አንድ እንባ አለች። "ይቺን ሳትነካት ወር አቆያት፣ ይጠንክር፣ ከዛ በ1000 ቁጥር በውሃ እሻት" አሉኝ። ወሩ የሚሞላው የመጪው ሳምንት ሐሙስ ነው፣ ወረቀቱን ገዝቼ አስቀምጫለሁ።