ማርቆስ 20፣ ዓባይ በረሃ 24

ደህና የነበረ ፓምፕ አስወጥቼ ጥያለሁ። 18 ሺህ ብሬም አብሮት ሄዷል። ማርቆስ፣ እንጅባራ ወይም ሌላ ደጋ ላይ አሮጌ ናፍጣ ፓጄሮ የምትነዱ ካላችሁ፣ እኔ የሚነግረኝ ሰው ያጣሁትን ልንገራችሁ።

መኪናዬ 2.5 ቱርቦ ናፍጣ ነው። የዚህ ፓጄሮ ፎር ዊል የሚነክሰው በቫኪዩም፣ ማለትም አየር በመምጠጥ ነው። ዱላውን ወደ ፎር ዊል ስታስገቡ ኮፈኑ ስር ያሉ ሁለት ትንንሽ ሶሌኖይዶች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ቫልቮች) ይከፈታሉ። ከዚያ ቱቦዎቹ አየር ይመጥጣሉ፣ የፊት ዲፈረንሻሉ ጎን ያለችው ክላች ትነክሳለች። ዳሽቦርድ ላይ ብልጭ ድርግም የሚሉት የፊት ጎማ መብራቶችም ረግተው ይበራሉ። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በራሱ ቫኪዩም አይፈጥርም። ስለዚህ ዲናሞው ጀርባ ላይ ፓምፕ ተገጥሞለታል። የፍሬኑን ሰርቮ፣ ማለትም ፍሬን መርገጥን የሚያቀለውን ክፍል፣ የሚያግዘውም ይኸው ፓምፕ ነው።

ነሐሴ ላይ ከብቸና ወጣ ብዬ ዋልካ ውስጥ ገባሁ። ፎር ዊል አስገባሁ። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ይላሉ እንጂ አይረጉም። ሦስት ሰዓት እዚያው ቆምኩ። ድንጋይና ገለባ እየጎዘጎዙ ያወጡኝ ገበሬዎች ናቸው። አንዱ አባወራ ጎማውን እያዩ፣ «ወንድምዓለም፣ ይኸ መኪና በአራቱ ይሄዳል ሲሉ አልነበረም እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማርቆስ ስመለስ ጋራዥ አስገባሁት። ፊውዙ ታየ፣ ደህና ነው። ሽቦው ታየ፣ ደህና ነው። ሶሌኖይዶቹ ቀጭ ይላሉ፣ ደህና ናቸው። እስከዚህ ግማሽ ቀን አልፈጀም።

ከዚያ መካኒኩ የቫኪዩም ጌጅ (መለኪያ) አመጣ። ፓምፑ ላይ ገጠመው። 20 ኢንች (በሜርኩሪ) አለ። ስልኩ ላይ ያለውን የጥገና መጽሐፍ ከፈተና አሳየኝ፤ 27 ይላል። «ጋሼ፣ ፓምፑ ደክሟል። ቱቦ ምናምን አይደለም» አለኝ። ቁጥሩን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ምን ልበል? አመንኩት።

ፓምፑ ከነዲናሞው አዲስ አበባ ተገኘ። ያገለገለ ነው። አሮጌውን በልዋጭ ሰጥቼ 18 ሺህ ጨመርኩ። በአውቶቡስ ተላከልኝ፣ ተገጠመ። ጌጁ እንደገና ተሰካ። 20። ያችው 20!

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ሁለት የተለያዩ ፓምፖች በአንድ ቁጥር እኩል ይደክማሉ? እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። መካኒኩ ግን «ይሄኛውም የሞተ ነው የሰጡህ» አለኝ። እኔም ተናድጄ ሻጩን ልሞግት ተነሳሁ። በዚያ ላይ አዲሱ ፓምፕ ከዲናሞው ጋር በሚገናኝበት በኩል ዘይት ማንጠባጠብ ጀምሯል። አሮጌው አንድ ጠብታ አውጥቶ አያውቅም ነበር።

ከመነሳቴ በፊት አንድ ነገር ብቻ በትክክል አድርጌያለሁ። ወደ ፎር ዊሉ የሚሄደውን ቅርንጫፍ ቱቦ ነቅዬ፣ ጫፉን በብሎን ደፍኜ በማጥበቂያ አሰርኩት። ያ ቅርንጫፍ የሚነሳው ከሰርቮው መስመር ነው። እዚያ አየር እያስገባ ዓባይን መውረድ በፍሬን መቀለድ ነው። ጌጁን ግን ለሻጩ ላሳየው ብዬ እንደተሰካ ተውኩት።

ከደጀን ቁልቁል ወረድኩ። ድልድዩን ተሻግሬ፣ ትንሽ ራቅ ብዬ ፍሬኑ እንዲበርድ ቆምኩ። ሞተሩን ሳላጠፋ ኮፈኑን ከፈትኩ። ጌጁ 24 ይላል። የተበላሸ መሰለኝ፣ በጣቴ መታ መታ አደረግኩት። 24። ሽቅብ ጎሃ ጽዮን ስደርስ እንደገና ቆሜ አየሁ። 20።

ያኔ ገባኝ። መጽሐፉ ላይ ያለው 27 ለባሕር ጠለል ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት 30 ኢንች ያህል ነው። ማርቆስ ግን 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ግፊቱ ራሱ 22 ብቻ ነው። ፓምፕ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ከ22 ውስጥ 27 ከየት ያመጣል? 20 ማለት ማርቆስ ላይ ጎበዝ ፓምፕ ነው። ዓባይ በረሃ ወደ 1,000 ሜትር ስለሚወርድ ነው 24 ያሳየው። ቾቄ ተራራ ላይ ብትለኩት ደግሞ ከ20ም በታች ይወርዳል፤ ያም ጤነኛ ነው።

ከሻጩ ጋር ሳልገናኝ ተመለስኩ። ምን ብዬ እሞግተዋለሁ? አሮጌውን ፓምፕ ደውዬ ጠየቅሁ፤ ተሽጧል።

ቤት ገብቼ ከመድኃኒት ቤት ትልቁን ሲሪንጅ ገዛሁ። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ፣ አንዱን ጫፍ ደፍኜ በሌላው በሲሪንጁ ሳብኩ። ቱቦው ደህና ከሆነ ሲሪንጁ ይከብዳል፣ ስትለቁትም ወደ ቦታው ይመለሳል። የተቀደደ ከሆነ ቀሎ ይወጣና እዚያው ይቀራል። ከሶሌኖይዶቹ ወደ ዲፈረንሻሉ ከሚወርዱት ሁለት ቱቦዎች አንዱ ቀሎ ወጣ። የተሰነጠቀው በማቀፊያው ብረት ስር ነው፤ ከላይ ሲያዩት ምንም አይታይም። ጎንበስ ስታደርጉት ግን አፉን ይከፍታል። ይህን ለማግኘት የፈጀብኝ 25 ደቂቃ ነው።

መካኒኮች ጫፉን ቆርጠህ መልሰህ ሰካው ይላሉ። መንገድ ላይ ከሆናችሁ አዎ፣ ቤት ስትገቡ ግን ሁሉንም ቀይሩ። አንዱ ከደረቀ ሌሎቹም ደርቀዋል። መጽሐፉ ኦሪጅናል ቱቦ ብቻ ይላል፤ እኔ አልስማማም። ውስጡ 4 ሚሊ ያህል የሆነ፣ ግድግዳው ወፍራም የናፍጣ ጎማ ቱቦ በሜትር ገዝቼ አስገብቻለሁ፣ በደንብ ይሠራል። ለስላሳውን የሲሊኮን ቱቦ ግን አታስገቡ፤ ሲመጠጥ ይጣበቃል። ስትነቅሉም አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ተኩ። ሁለቱ ከተቀያየሩ ክላቿ በተቃራኒው ትሠራለች። መሃል ላይ ያለችውን የአንድ አቅጣጫ ቫልቭም በአፋችሁ ንፉባት፤ በአንዱ በኩል ማሳለፍ፣ በሌላው መዝጋት አለባት።

መብራቶቹ አሁን ሁለት ሦስቴ ብልጭ ብለው ይረጋሉ። ዘይት የሚያንጠባጥበውን ፓምፕ ግን እስካሁን ይዤው እየዞርኩ ነው። በየሳምንቱ ዘይቱን አያለሁ። ጌጁንም የራሴን ገዝቻለሁ። ካርቶኑ ላይ በእስክርቢቶ ጽፌበታለሁ፦ ማርቆስ 20፣ ዓባይ በረሃ 24።